ሕፃን ዘማሪ ጌጥ አይደለም

ንግሥ በመጣ ቁጥር የማየው ነገር አለ። ሕፃናት መዘምራኑ ነጭ በነጭ ለብሰው ተሰልፈው ሲወጡ ሰዉ ሁሉ ስልኩን ያወጣል። «ውይ ሲያምሩ!» «የኔ ሚጢጢዎች!» ይባላል። ፍቅር ነው፣ አይከፋኝም። ግን እኔ ራሴ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ እዚሁ ጅማ፣ ካቴድራላችን ግቢ ውስጥ። ስለዚህ እነሱን ሳይ ቀድሞ የሚታየኝ የያዙት ሥራ ነው። ከማታ ጀምሮ ምንም ያልቀመሰ ሆድ፣ በቃል የተያዘ የግዕዝ ቃል፣ ከጎን ካለው ልጅ ጋር እኩል መነሳት ያለበት እግር፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሳይንቀጠቀጥ መውጣት ያለበት ድምፅ። ለ7 ዓመት ልጅ ይኼ ትልቅ ኃላፊነት ነው። ልጆቹም ያውቁታል። እኛ ነን የምንረሳው።

ሰንበት ትምህርት ቤት እጄን ይዛ ያስመዘገበችኝ እናቴ ናት፣ ገና አንደኛ ክፍል እንደገባሁ። የድምፅ ፈተና የሚባል ነገር አልነበረም፣ አሁንም የለም። ድምፅህ ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ዜማ ይያዝልህ አይያዝልህ፣ «አንተ አትችልም» ብሎ የሚመልስህ የለም። መጀመሪያ ከኋላ ትቆማለህ፣ ትሰማለህ፣ አፍህን ከሌሎቹ ጋር ትከፍታለህ። አንድ ጓደኛችን ዜማ ጨርሶ አይያዝለትም ነበር። ከጎኔ ነበር የሚቆመው፣ ሁላችንም ስንወጣ እሱ ይወርዳል፣ ስንወርድ እሱ ይወጣል። ማንም አልሳቀበትም ማለት አልችልም፣ ልጆች ነን። ግን ከሰልፉ ያወጣውም አልነበረም። ከጊዜ በኋላ አንድ ቅዳሜ ዝም ብሎ ዜማው ውስጥ ገባ። የመዝሙር አስተማሪያችን ጥናቱን አቋርጦ አየው፣ ምንም ሳይል ፈገግ ብሎ ቀጠለ። ያ ልጅ ዛሬ ቀዳሽ ዲያቆን ነው።

ጥናት ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ ነው። ጅማን የሚያውቅ ዝናቧን ያውቃል፣ ክረምቱ ቀድሞ ይገባል፣ ዘግይቶ ይወጣል። የምናጠናበት አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ አልነበረውም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድበት የራስህን ድምፅ እንኳ አትሰማም። ሌላ አስተማሪ ቢሆን በቃ እስኪያባራ እንረፍ ይል ነበር። የኛ ጋሼ ግን አያቋርጥም። ፊታችን ይቆምና በእጁ ይመራናል፣ ቃሉን በከንፈሩ ብቻ ያሳየናል፣ እኛም አፍ አፉን እያየን እንዘምራለን። ዜማው የት እንደደረሰ የምናውቀው ከጎናችን ያለው ልጅ ትከሻ ሲነሳ ነው፣ ትንፋሽ ሲወስድ ማለት ነው። ዝናቡ ድንገት ቀጥ ሲል ሁላችንም አንድ ቃል ላይ ነበርን። ያኔ የተሰማኝን ደስታ አሁንም አስታውሰዋለሁ። ብዙ ሰው አብሮ ሲዘምር የሚገናኘው ትንፋሹ ላይ መሆኑን የተማርኩት እዚያ ቆርቆሮ ሥር ነው።

ጋሼ የሚደጋግማት ነገር ነበረችው፦ «አትጩሁ፣ አፋችሁን ክፈቱ።» ልጅ ጎበዝ ለመባል ይጮኻል፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር። እሱ እየዞረ ሆዳችን ላይ መዳፉን ያስቀምጣል። እጁ ካልተገፋ ትንፋሹ ከደረት ነው የመጣው ማለት ነው፣ እንደገና ያስጀምርሃል። ወረብ፣ ማለትም በጸናጽልና በከበሮ እየተወዛወዙ የሚዘመረውን፣ የሚያስተምሩን ደግሞ አንድ መሪጌታ ነበሩ፣ የኔታ ነው የምንላቸው። እሳቸው አያብራሩም። ይላሉ፣ እንላለን። ካጠፋን መቋሚያቸውን መሬት ላይ ጠቅ ያደርጋሉ፣ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ጸናጽሉን፣ ሲወዘወዝ የሚንሿሿውን መሣሪያ፣ በአውራ ጣትና በጣቶቻችን መሃል አስይዘው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነው፣ በኋላ እየፈጠነ ይመጣል። እጅህ ሲደክም ጸናጽሉ ራሱ ያጋልጥሃል፣ ድምፁ ይንኮሻኮሻል።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ ሕፃን ዘማሪ የለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ውስጥ የኖረ ሊቅ ነው፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት የዜማ ስልቶች የሱ ናቸው። ትምህርት አልገባው ብሎ ዛፍ ላይ የምትወጣዋን ትል አይቶ የተመለሰበትን ታሪክ ሁሉም አስተማሪ ይነግርሃል። እኛን ልጆቹን የያዘን ግን ሌላው ነበር፦ ዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን የያሬድ እግር ላይ የተከለበት። ዘማሪውም አልተሰማውም፣ ንጉሡም አላየም። «አላመመውም?» ብለን የኔታን ደጋግመን እንጠይቅ ነበር። «ሲጨርስ አመመው» ነበር መልሳቸው። በየዓመቱ ግንቦት 11 የቅዱስ ያሬድ ቀን ሲመጣ ይቺ መልስ ትዝ ትለኛለች። እኛም ከቅዳሴ በኋላ ቆመን ስንዘምር እግራችን አይሰማንም ነበር፣ ቤት ገብተን ጫማ ስናወልቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ያኔም ይከብደኝ ነበር፣ አሁንም አልስማማበትም። ብዙውን የግዕዝ ዜማ ትርጉሙን ሳናውቅ ነው በቃል የያዝነው። ልጅ ድምፁን እንደሰማ ይይዛል፣ ይኼ እውነት ነው፣ ከአዋቂ ይልቅ ይፈጥናል። ግን ምን እያለ እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ አዘማመሩ ይለያል፣ ፊቱ ላይ ታየዋለህ። ጋሼ በሆሳዕና ሰሞን መጀመሪያ ታሪኩን ተርኮልን፣ ከዚያ ግጥሙን አስጽፎን፣ በመጨረሻ ዜማውን ያስጠናን ጊዜ ከትናንሾቹ አንዷ ገና ስታጠና አልቅሳለች። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት ባይ ነኝ። ተርጉሞ ለማስረዳት የሚወስደው 10 ደቂቃ ነው።

ጅማ መሆኑ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። በአማርኛና በግዕዝ ብቻ አይደለም የምንዘምረው፣ በአፋን ኦሮሞም ነው። በአፋን ኦሮሞ የምናጠና ቀን ሰልፉ ይገለበጣል። ቤታቸው ኦሮምኛ የሚነገርላቸው፣ ከከተማው ዳር የሚመጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ የሚቆሙ ዝምተኛ ልጆች ፊት ይወጣሉ። ጋሼ እነሱን ነው አውጪ፣ ዜማውን ቀድሞ የሚመራ ማለት ነው፣ የሚያደርጋቸው። እኛ እንቀበላለን፣ ስናበላሽ ያርሙናል። ከመሃላችን በጣም አይናፋር የነበረችው ልጅ ያን ቀን እኛን ስትመራ ያየሁ ጊዜ ሌላ ሰው ነው የመሰለችኝ። ከዚያ ወዲያ በሌላውም ቀን ከኋላ ቆማ አላየኋትም።

ሰፈራችን ሙስሊምና ክርስቲያን ተቀላቅሎ ነው የሚኖረው፣ ጅማ ውስጥ ይኼ የተለመደ ነው። ጎረቤታችን የነበሩት ሙስሊም እናት እሑድ ሲነጋጋ ነጠላዬን አጣፍቼ ስወጣ ደጃፋቸው ላይ ያገኙኛል። ጭቃው ነጠላዬን እንዳይነካው ጫፉን ሰብስበው ትከሻዬ ላይ ይወረውሩልኛል። የከተራ ዕለት ደግሞ ታቦቱ በሰፈራችን ሲያልፍ ከልጆቻቸው ጋር ወጥተው በጆግ ውኃ ይዘው ይጠብቁናል። ከተራ ጥር 10 ነው፣ ፀሐዩ የሚመታበት ጊዜ ነው፣ ከግቢ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ደግሞ እየዘመርክ ነው የምትሄደው። ግማሽ መንገድ ላይ ጉሮሮህ ይደርቃል። የሳቸውን ውኃ ያልጠጣ ልጅ ከሰልፋችን የለም።

ከዓመቱ ሁሉ ለኔ ትልቁ ጊዜ ዐቢይ ጾም ነበር። ሰው ሲሰማ ይገርመዋል፣ ልጅ ጥምቀትን ነው የሚወደው ብሎ ያስባል። በ55ቱ ቀን ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፣ ጭብጨባም የለም። እሑዶቹ በስም ነው የሚጠሩት፣ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ፣ መጻጕዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና፣ እያንዳንዱም የራሱ መዝሙር አለው። እኛ በልጅነታችን ሳምንቱን የምንቆጥረው በዚህ ነበር፣ «ፈተናችን መጻጕዕ ላይ ነው» እንባባል ነበር። ከበሮ ብዙ ይሸፍናል። ቃል የሳተ ልጅ፣ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ፣ ዘግይቶ የገባ ልጅ በከበሮው ውስጥ ያልፋል። በጾም ግን ድምፃችን ራቁቱን ነው የሚወጣው። ስለዚህ እንደማመጣለን። ከሌላው ጊዜ ሁሉ በላይ ያን ጊዜ ነው አንድ ድምፅ የምንሆነው። በተለይ በአራራይ የሚባለው ሲደርስ ሆዳችን ይባባል፣ ትልልቆቹም ፊታቸውን በነጠላ ሸፈን ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ሰባተኛ ክፍል ልገባ ስል ድምፄ ጎረነነ። ቀስ ብሎ አይደለም የመጣው። አውጪ ሆኜ እየመራሁ፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄ ከዳኝ፣ ተሰነጠቀና ታች ወረደ። ልጆቹ ተቀበሉ፣ መዝሙሩ አልተቋረጠም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የአውጪዎች ስም ሲጠራ ስሜ አልነበረም። ክፉ ቃል የተናገረኝ ሰው የለም። ችግሩ ምንም የተናገረኝም ሰው አለመኖሩ ነው። ከልጆቹ ረዝሜያለሁ፣ ከወጣቶቹ አንሳለሁ። የወጣቶቹ መዝሙር ክፍል ገና ነህ ይለኛል፣ ሕፃናት ክፍል አልፈሃል ይለኛል። አብረውኝ ከነበሩት ወንዶች ብዙዎቹ የቀሩት በዚያ ዕድሜ ነው። ተጣልተው አይደለም። የሚቆሙበት ቦታ ስላጡ ነው።

ይኼ የኛ ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ በኋላ አንብቤ አውቄያለሁ። በአውሮፓ ካቴድራሎች ልጆች መዘምራን ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ዮሴፍ ሃይድን በልጅነቱ ቪየና በሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ይዘምር ነበር፣ ድምፁ ሲጎረንን ከመዘምራኑ ተሰናብቷል። በእንግሊዝ ካቴድራሎች ከጥንት ጀምሮ ከልጆች መሃል የሚዘምሩት ወንዶቹ ብቻ ነበሩ፣ ተፈትነው ይገባሉ፣ ብዙዎቹ ከካቴድራሉ ጋር በተያያዘ ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ በሳምንቱ ቀናት ሁሉ ማለት ይቻላል ያጠናሉ። የሳልስበሪ ካቴድራል ለሴት ልጆች የራሳቸውን መዘምራን ያቋቋመው በ1991 ነው፣ በነሱ አቆጣጠር። በኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ሴቱም ወንዱም አንድ ሰልፍ ላይ ነው ያደግነው፣ በዚህ እኮራለሁ። ከነሱ የምቀናበት ግን አለ፦ ለልጁ ድምፅ የሚጠነቀቅለት ሰው መኖሩ።

ምክንያቱም ነገሩ ምስጢር አይደለም። ወንድ ልጅ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ባለው ጊዜ ማንቁርቱ ያድጋል፣ የድምፅ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም። ድምፁ ይወርዳል፣ እስኪረጋ ወራት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ የድሮውን ከፍታ በግድ ላውጣ ብሎ የሚጮህ ልጅ ድምፁን ይጎዳል። ዝቅ ባለ ድምፅ ግን መዘመር ይችላል። ይኼን በጊዜው አንድ ሰው አስቀምጦ ቢነግረኝ ኖሮ ምን ያህል ይቀለኝ ነበር! እኔ እኮ አንድ የሆነ ኃጢአት ሠርቼ ጸጋው የተወሰደብኝ ነበር የመሰለኝ። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።

እኔን ያቆየኝ ከበሮ ነው። ከበሮውን የሚመታው ትልቅ ወንድማችን አንድ ቀን «ና እስቲ፣ ያዝልኝ» አለኝና ማንገቻውን አንገቴ ላይ አደረገው። ከባድ ነው፣ ቆዳው ትከሻን ይፍቃል። ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት፣ ሰው የመሆኑ ማለት ነው፣ ምሳሌ መሆኑን፣ የታሰረበት ጠፍር ደግሞ ጌታ የተገረፈውን ግርፋት እንደሚያስታውስ የነገረኝ እሱ ነው። ከዚህ ሌላ ጅማ ውስጥ ከበሮ የሚይዝ ሰው ብቻ የሚያውቀውን አስተማረኝ። እዚህ አገር እርጥበቱ ቆዳውን ያረግበዋል። በክረምት ከዕቃ ቤት ስታወጣው ድምፁ ድፍን ነው፣ ብትመታው አይመልስልህም። ፀሐይ ከወጣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለህ። ካልወጣ ከግቢው ጥበቃ አባባ ከሰል ራቅ አድርገህ ታስቀምጠውና ቶሎ ቶሎ ታዞረዋለህ፣ አንድ ጎን ብቻ ከሞቀ ይሰነጠቃል። በጣትህ ጫፍ መታ እያደረግክ ታዳምጣለህ። ድምፁ ቀስ በቀስ እየጠራ ይመጣል፣ ያኔ ዝግጁ ነው። ንግሥ ሲሆን ከሁሉም ሰው ቀድሜ ግቢ የምገኘው ለዚህ ነበር። ሥራ አገኘሁ፣ ቦታ አገኘሁ። ድምፄም በራሱ ጊዜ ረጋ።

አሁን የእህቴ ልጅ እዚያው ሕፃናት ክፍል ነች። 9 ዓመቷ ነው። ባለፉት ዓመታት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገጥሙ እሷና የጎረቤታችን ልጅ እኩል እየጾሙ ነው የከረሙት፣ ማን የበለጠ እንደቻለ ሲከራከሩ ሰምቻቸዋለሁ። ስትዘምር ላያት እሄዳለሁ። ብዙ ነገር ተሻሽሏል፣ አዳራሹ ኮርኒስ ተሠርቶለታል። ድምፅ ማጉያው ግን ያስጨንቀኛል። ማይኩን አንዲት ሕፃን አፍ ላይ ይደቅኑና ከኪቦርዱ ጋር እኩል እንድትሰማ በርቺ ይሏታል። ትጮኻለች፣ ምን ታድርግ። በማግስቱ ሰኞ ድምፅዋ ተዘግቶ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሰዉ ቪዲዮውን አይቶ «እንዴት ያለ ድምፅ!» ይላል። እባካችሁ፣ ማጉያውን ቀንሱላቸው እንጂ እነሱን አታስጩኋቸው። የልጅ ድምፅ ቀስ ብሎም ይሰማል፣ ዝም ብለን ካዳመጥነው።

ከድሮ የሰልፍ ጓደኞቼ ጋር ሰሞኑን ተሰባስበን ሁለት ነገር ጀምረናል። አንደኛው ድምፃቸው ለሚጎረንን ወንዶች ልጆች ነው። ቅዳሜ ከዋናው ጥናት በኋላ ለብቻቸው ይቆያሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይዘምራሉ፣ ከበሮና ጸናጽል ይማራሉ፣ ምን እየሆኑ እንደሆነም እንነግራቸዋለን። አስተዳዳሪው አባታችን ፈቅደውልናል፣ ቁልፉም በእጃችን ነው።

ሁለተኛው የመዝሙር ደብተሮቻችን ናቸው። ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ በእጃችን የገለበጥናቸው፣ ጋሼ በቀይ እስክሪብቶ ያረማቸው። ብዙዎቹ መዝሙሮች አሁን ካለው ጥራዝ ውስጥ የሉም፣ በተለይ በአፋን ኦሮሞ የነበሩት። የእህቴ ልጅና ጓደኞቿ እነዚያን መማር ይፈልጋሉ። ስለዚህ እዚህ ጅማ ያደጋችሁ፣ ደብተራችሁ ቁም ሳጥን ላይ ወይም እናታችሁ ቤት የቀረ፣ ቅዳሜ ከ7 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አዳራሹ አለን። ኮፒ አድርገን ያንኑ ዕለት እንመልስላችኋለን። ገጹ የተቀደደም ቢሆን አምጡት።